በሩ ላይ የተለጠፈችው አንዷ ድምፅ

ቡራዩ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ላሊሴ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልጻፍልሽ። ወደ ኋላ ካስቀመጥኩት እንደ ልማዴ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤቱ ሳወራ ወረቀቱ ያልቅብኛል። የዛሬ አምስት ዓመት በምርጫ ጣቢያችን በር ላይ በተለጠፈው ውጤት፣ ከስምሽ ትይዩ የተጻፈችው አንዷ ድምፅ የኔ አይደለችም። የአባትሽ ናት።

እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፈሽ ልታስቀምጪው ትችያለሽ። ብታስቀምጪውም አልፈርድብሽም። ከቻልሽ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ በብርድ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። ክረምቱ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ጉም ባሕር ዛፉን ውጦት ይቆያል። ግድቡ ሞልቷል ይላሉ። ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እኛ ከአፍንጫችን ሥር የሚያልፈውን ውሃ ትተን በአህያ ጋሪ የመጣ ጄሪካን እንገዛለን። አንቺ ያኔ የተናገርሽው ሁሉ እንዳለ ነው። የተለወጠ ነገር ቢኖር ስማችን ነው፤ ድሮ ከተማ ነበርን፣ አሁን ክፍለ ከተማ ሆነናል። ቧንቧው ግን ይህን ሹመታችንን ገና አልሰማም።

የዘንድሮውም ምርጫ አለፈ። አንቺ ካርድ እንዳላወጣሽ በስልክ ነግረሽኛል። እዚህ ግን ሰው ወጥቷል፤ ወይም የወጣ መስሏል። ሰፈራችን እንዴት እንደሚመርጥ እኔ ልንገርሽ፤ ከደጃፌ ሆኜ ሳየው ስለኖርኩ ከማንም በተሻለ አውቀዋለሁ። ነባሮቹ ገበሬዎች ጎህ ሳይቀድ ጋቢያቸውን ደርበው ይሰለፋሉ። ኋለኛው ማንን ልምረጥ ብሎ አይጨነቅም፤ የፊተኛውን ጀርባ ማየት ይበቃዋል። ፎቅ የሠሩት አዲስ ገቢዎች መጋረጃቸውን ዘግተው ይተኛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ይህች አገር ለምን እንደማትለወጥ በረንዳ ላይ ቆመው ያስረዱናል። የፋብሪካ ልጆች ፈረቃ ላይ ናቸው። ጓሮ ያለችውን ክፍል ያከራየሁት አጵሎስ የሚባል የደቡብ ልጅ አለ፤ ሚስማር ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቤቱ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አንተ፣ አትመርጥም እንዴ?» አልኩት።

«እትዬ፣ እኔን የመረጠኝ አለ፤ ይበቃኛል» አለና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

«ታዲያ ካርዱን ለምን አወጣኸው?»

«እሱማ እዚህ ምድር ላይ ለሚጠይቀኝ ነው።»

ባለሱቁ ኢብሳ ደግሞ የባሰ ነው። እሱም አልወጣም፤ ግን ጣቱ ሳይቀለም ሱቁ ደጅ መቀመጥ አስፈራው። ስለዚህ ደረሰኝ የሚያትምበትን ሰማያዊ የማኅተም ቀለም አውራ ጣቱ ላይ ለቀለቀ። የጎጣችን መሪ ዘርሁን ስኳር ሊገዛ መጥቶ ጣቱን አየበት። ዘርሁንን መቼም አትረሺውም፤ ያ የፊቱ ፈገግታ ከአፉ ቀድሞ የሚደርስ ሰውዬ።

«ኢብሳ፣ በናንተ ጣቢያ ቀለሙ ሰማያዊ ነው እንዴ?» አለው።

«አይ ጋሼ፣ ጥቁሩ ነው፤ የኔ ቆዳ ሲነካው ነው የቀየረው» አለ ኢብሳ፣ ምንም ሳያፍር።

ደጅ ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ዘርሁንም ሳቀ። ኢብሳ ስኳሩን አስበልጦ መዘነለት። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ዘይቴን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ጎጡ ተሰብስቦ ነዋሪው «ነቅሎ ወጣ» ተብሎ ተጨበጨበ፤ በሰማያዊ ጣቱ ያጨበጨበውም ኢብሳ ነበረ።

ይህን ሰፈር ስንቀው ኖሬያለሁ፣ ላሊሴ። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ማንበብ ከተማርኩ ጀምሮ፣ ከነሱ የምሻል ይመስለኝ ነበር። አንቺ በግልሽ ለመወዳደር የድጋፍ ፊርማ ስታሰባስቢ ግቢያችን የመጣውን ሰው አስቢው። ድፎ ዳቦውን እየገመጡ ፈረሙልሽ። መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። «ውሃ! ውሃ ብላ የተነሣች የኛ ልጅ!» ተባለ። ዘርሁን ራሱ እንኳ ፈርሟል። «ለውድድሩ ድምቀት ነው» ብሎ እየሳቀ። የግቢያችን ሣር እስኪረገጥ ድረስ ነው ሰው የመጣው።

አባትሽ መጀመሪያ ላይ አልወደደውም ነበር፤ አንቺ የምታስታውሺው ይህንን ነው። «ሴት ልጅ ከመንግሥት ጋር ምን ፉክክር አላት?» ብሎ አኩርፎ ሰንብቷል። የድንጋይ ካባው ድማሚት ዓይኖቹን ከወሰዳቸው ወዲህ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራው ነበር። በኋላ ግን ምልክትሽ ባልዲ መሆኑን ስነግረው ተነሣና ከጓሮ ባልዲያችንን አስመጣ። ያን ባልዲ እንደ ከበሮ እየደበደበ፣ በበትሩ መንገድ እየፈለገ፣ ገበያ ለገበያ ዞረ። ልጆች ተከተሉት። «ኦቦ ቀጄላ ቀወሰ» የሚሉም ነበሩ። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ «በርቺ ልጄ» ያልኩሽ ነኝ። አባትሽ አኮረፈሽ፣ እናትሽ ደገፈችሽ። አንቺ የያዝሽው ይህን ነው፤ አልፈረድኩብሽም።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ።

ከምርጫው በፊት በነበረው ቀን ዘርሁን በበራችን ሲያልፍ ቆመ። ዳቦ ሰጠሁት። እያኘከ፣ «እትዬ ጠጅቱ፣ ልጅሽን የምትወጃት ከሆነ እንዳታሸንፍ ጸልዪ» አለኝ። ይኸው ነው። አልጮኸም፣ አልዛተም፣ ዓይኑን እንኳ አላፈጠጠም። ዳቦውን አመስግኖ ሄደ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። አንቺን ሲወስዱሽ አየሁ። ደግሞም እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ይህ ሁሉ ሰው ፈርሞላታል፤ የኔ አንድ ድምፅ ብትቀር ምን ይጎድልባታል? እኔ ከዘርሁን ጋር ሰላም እሆናለሁ፤ እሷም የሚበቃትን ታገኛለች።

ልጄ፣ ዳቦሽን የበላው ሰው ሁሉ በዚያው ሌሊት ይህንኑ ሲያስብ እንዳደረ የገባኝ ማግስቱን ነው።

ጠዋት አባትሽን እጁን ይዤ ሄድኩ። ዓይነ ሥውር ስለሆነ የሚያምነው ሰው እንዲረዳው ተፈቅዶለታል፤ የሚያምነው ሰው እኔ ነበርኩ። ከመጋረጃው ኋላ ገባን። ባልዲው ከረጅሙ ወረቀት ግርጌ፣ ከሁሉ በታች ነበር። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክሬ ወደ ታች ሳብኩለት። ጎንበስ አለ።

«እዚህ ነው?» አለኝ።

«እዚህ ነው።»

«ባልዲው ላይ?»

«ባልዲው ላይ።»

ጣቱን ተጫነ፤ ረጅም ጊዜ ተጫነ፣ ሚስማር እንደሚመታ ሰው። አሻራው ባልዲዋን ሞላት። ዓይኔ አይቷል። አጠፍኩለት።

ከዚያ የራሴን ዘረጋሁ። እስክሪብቶ አነሣሁ። ጎንበስ አላልኩም። ከወረቀቱ አናት አጠገብ፣ ዘርሁን በሚፈልገው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አደረግኩ። አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዓይን የሌለው ሰው ጆሮው የት ድረስ እንደሚሰማ ያኔ አላሰብኩም። እኔ ምልክትሽ ግርጌ መሆኑን ቀደም ብዬ በእጁ አሳይቼው ነበር፤ የኔ እስክሪብቶ ግን የተሰማው ከላይ ነው። «ያንቺንስ ጨረስሽ?» ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። «ጨረስኩ» አልኩት።

በማግስቱ ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ ሦስታችንም እዚያ ነበርን። አንቺ ታች ገበያ አጠገብ ተከራይተሽ ስለነበር ካርድሽ የዚያ ጣቢያ ነበር፤ ስለዚህ በኛ በር ላይ ያንቺ ድምፅ አይኖርም። ግን ቢያንስ የሁለታችንን ትጠብቂ ነበር። ሌላው ሁሉ ቀርቶ የእናትና የአባት። ወረቀቱን እንዴት በጣትሽ እየተከተልሽ እንዳነበብሽው እስካሁን ይታየኛል። ባልዲ፤ አንድ። ደግመሽ አነበብሽው። አንድ።

ወደ እኔ ዞረሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። «እማዬ፣ አንቺ ብቻ!» አልሽ። አፌ ተከፍቶ ነበር፣ ላሊሴ። ዘጋሁት።

ከዚያ ወደ እሱ ዞርሽ። ያልሽውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። «ባልዲ ስትደበድብ የዋልከው ለታይታ ነው?» አልሽው። «ከመጀመሪያውም አልፈለግከኝም። ለነሱ ሰጠህ።» ሰው ቆሞ ይሰማል። ያ ፈርሞ ያልመረጠሽ ሰው ሁሉ፣ ያ ዳቦሽን በልቶ የካደሽ ሰው ሁሉ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ አባትሽን ያይ ነበር! ከነሱ መካከል አንድ እንኳ «እኛስ የታለን?» ያለ አልነበረም። ጥፋተኛ ስለተገኘላቸው ደስ ብሏቸዋል።

አባትሽ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዓይን ባይኖረውም አየኝ እልሻለሁ። እንድናገር ጠበቀኝ። ዝም ስለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጄ ስቶ ይሆናል» አለሽ።

«እጅ አይስትም፤ የሚስተው ልብ ነው» አልሽው። «ከዛሬ ጀምሮ የአያቴ ልጅ ነኝ እንጂ ያንተ አይደለሁም።» በዚያው ሳምንት ሄድሽ።

እጁ አልሳተም። እኔ ነኝ የያዝኩለት።

ቤት ስንገባ አልጠየቀኝም። ከዚያም በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። ብቻ፣ በየማታው ጋዜጣም መጽሐፍም አነብለት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንብቢልኝ» ብሎኝ አያውቅም። እኔ ለመጀመር ሳስብ «ተይው፣ ዓይንሽን ያደክምሻል» ይለኛል። እንዲህ ነው የቀጣኝ። በዓመቱ ሞተ። ባልዲው እስከ መጨረሻው አልጋው ሥር ነበረ። ለቀብሩ አልመጣሽም፤ እኔም በስልክ ስታለቅሺ እየሰማሁ እንኳ አልነገርኩሽም። ዘርሁን ግን መጥቶ ድንኳን አስተክሏል። ወንበር ሲደረድር ጠርቼው፣ «ያን ጊዜ እንዳታሸንፍ ጸልዪ ያልከኝ ምን አስበህ ነበር?» አልኩት።

«መቼ?» አለኝ። ረስቶታል፣ ልጄ! ከልቡ ረስቶታል። «ቀልዴን ይሆናል እንጂ እትዬ፣ ላሊሴን እኮ እንደ እኅቴ ነው የማያት።» እኔ ቤቴን ያፈረስኩት እሱ ዳቦ ሲያኝክ ላመለጠው ቃል ነው። ከሱ ይልቅ ራሴን የናቅኩት ያን ቀን ነው።

አንቺ ስትደውዪ «አንዷ ድምፄ፣ እንዴት ነሽ?» ትይኛለሽ። በፋሲካ፣ በመስቀል፣ በገና፣ ሁልጊዜ። በዓለም ላይ የቀረችኝ አንድ ልጅ ስልክ አንሥታ እንዲህ ስትለኝ እንዴት ልንገራት? ብነግራት ማን ይደውልልኛል? እያልኩ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። ዛሬም የምፈራው ይህንኑ ነው። ኢብሳ በሰማያዊ ቀለም ዋሸ ብዬ ስንቀው ውዬ፣ እኔ ደግሞ በባሌ ድምፅ ስመሰገን ኖሬያለሁ። እሱ የቀባው አውራ ጣቱን ብቻ ነው።

ታዲያ ዛሬ ለምን ጻፍሽልኝ ትዪ ይሆናል። እማማ ጂቱ ናቸው ምክንያቱ፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ ያሉት አሮጊት። ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖታል፣ ፊደልም አያውቁም። የምርጫው ዕለት በራፌን አንኳኩ። «ነይ ተነሺ፣ ለኦቦ ቀጄላ ያደረግሽለትን ለኔም አድርጊልኝ» አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ይዣቸው ሄድኩ። ሰልፉ እንደ ያኔው አልረዘመም። ከመጋረጃው ኋላ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

«ባልዲው የታለ?» አሉኝ።

«የምን ባልዲ፣ እማማ?»

«የልጅሽ ነዋ! የላሊሴ። ያኔ ፈርቼ ነው የዘለልኳት። አሁን ግን ምን ይወስዱብኛል? ጥርሴን ነው?»

«ላሊሴ ዘንድሮ አልተወዳደረችም። ከሄደች አምስት ዓመቷ እኮ ነው።»

 ከውጭ አስመራጯ «እማማ፣ ቶሎ በሉ!» አለች።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ አመጣሽኝ?» ብለው ተቆጡኝ።

«አንቱ አይደሉ እንዴ የጎተቱኝ?»

«በይ ባዶውን አጥፊው። የማላውቀውን ሰው ቤቴ አላስገባም።»

ባዶውን አጠፍኩላቸው። የራሴንም ባዶውን አጠፍኩት። ጀግና ሆንኩ ብዬ አይደለም፤ አምስት ዓመት የዘገየ ጀግንነት ቀብሩ ካለቀ፣ ንፍሮው ከተበላ በኋላ እንደሚደርስ ለቀስተኛ ነው። እጄ ግን ሌላ ምልክት ላይ አልሄድም አለኝ። ስንወጣ እማማ ጂቱ ክንዴን ይዘው፣ ሰው እየሰማ፣ «ቀጄላም እንዲህ በታማኝ እጅ ነው የመረጠው» አሉ። መንገዱ ሁሉ ጨለመብኝ።

በማግስቱ ውጤቱን ሳነብ «ዋጋ አልባ ድምፅ» የሚለው ከጠበቅኩት በላይ ነበር። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ የሌሎቹን ባለቤቶች አላውቅም። ዘርሁን አጠገቤ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «አይ ያልተማረ ሰው! ምልክት ማድረግ እንኳ አቃታቸው!» አለ። 

ከዚያ አደም መጣ። የብረት በር ከዚህ ጭኖ አንቺ ወዳለሽበት ድሬዳዋ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። ባለፈው የላክሁልሽን በርበሬ ያደረሰልሽ እሱ ነው። «የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄጄ ላሊሴ ቀጄላ ብል የሚያውቃት ጠፋ፤ ኋላ ላሊሴ ጃለታ ማለትህ ነው ወይ አሉኝ» አለኝ። የአባትሽን ስም አንሥተሽ የአያትሽን ተክተሻል። የተናገርሽውን ቃል እዚያ ድረስ ይዘሽው እንደሄድሽ ያን ቀን ገባኝ። በቁጣ ያልሽው መስሎኝ ነበር። አባትሽ እጁ ሳይስት፣ ከመላው ሰፈር እሱ ብቻ መርጦሽ፣ ስሙ ከስምሽ ተነሥቷል። እኔ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር እሱ የሚገባውን ምስጋና እቀበላለሁ።

ለኔ ይቅርታ አልለምንሽም። ብትደውዪልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትደውዪም ምክንያትሽን አውቃለሁ። ከፈለግሽ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ደምሪኝ፤ ከነሱ የተሻልኩ አይደለሁም፣ እነሱ ቢያንስ የሌላውን ድምፅ የኔ ነው አላሉም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ስሙን መልሺለት። ዝናቡ ሲያባራ ነይና መቃብሩ ላይ «አባ» በዪው። ባልዲው እንዳለ ነው። አልተቀደደም፤ የጎደጎደው አባትሽ የደበደበው ቦታ ብቻ ነው። እኔ ቤት መግባት ካልፈለግሽ እማማ ጂቱ ጋር እረፊ፤ እሳቸው አሁንም ሊመርጡሽ ይፈልጋሉ።

የምትቀጂው ውሃ አይጉደልብሽ። የምታስተምሪያቸው ልጆች ከኛ የተሻሉ ሰዎች ይሁኑልሽ። በሰው ፊት ቆመሽ እጅ ስትቆጥሪ፣ የሚወዱሽ ሁሉ እጃቸውን አውጥተው ይገኙ። አባትሽ ሲመርቅሽ ይል እንደነበረው፣ ወገብሽ አይጉበጥ፣ ኢንተላ ኮ።

አንዷ ድምፅሽ ያልሆንኩት እናትሽ፣
ጠጅቱ

ይህን ደብዳቤ አደም በእጁ ይዞት ይመጣል። በፖስታው ላይ የጻፍኩትን ስም ጮክ ብሎ እንዲጠራ፣ ሌላ ስም ካሉትም አንቺ እስክትወጪ ድረስ ደጋግሞ እንዲጠራ ነግሬዋለሁ።

ተቀባይ፦ ላሊሴ ቀጄላ